የበልግን ጠባይ የሚያውቅ አማካሪ በየወረዳው ቋሚ መደብ ይኑረው

ግልጽ ደብዳቤ

በክልልና በዞን ደረጃ በፕላን፣ በፋይናንስ፣ በግብርና፣ በአካባቢ ጥበቃና በሲቪል ሰርቪስ ሥራ ላይ ለምትገኙ የሥራ ኃላፊዎች፤
እንዲሁም ለወሎ ሕዝብ፤

ጉዳዩ፦ የአየር ንብረት ለውጥን የመላመድ የፖሊሲ አማካሪነት ሙያ ቋሚ የሥራ መደብና የሙያ ዕድገት መሰላል እንዲኖረው ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

በወሎ ደጋና ቆላ ከሠላሳ ዓመት በላይ በመጀመሪያ በተፈጥሮ ሀብት ባለሙያነት፣ ቀጥሎ በዕቅድ ባለሙያነት፣ ካለፉት ዐሥራ ሦስት ዓመታት ወዲህ ደግሞ አየር ንብረት ለውጥን በመላመድ ጉዳይ በፖሊሲ አማካሪነት የሠራሁ፣ ለጡረታ ሁለት ዓመት የቀረኝ ሰው ነኝ። የምጠይቀው ነገር ቢፈጸም እኔ እንደማልጠቀምበት ዕድሜዬ ምስክር ነው። የምለምናችሁም ይህ ሙያ በፕሮጀክት ዕድሜ የሚለካ የኮንትራት ሥራ መሆኑ ቀርቶ በወረዳው መዋቅር ውስጥ እንዲገባና ጀማሪው በነባሩ ሥር ሠልጥኖ የሚተካበት ቋሚ መደብ እንዲሆን ነው።

ሥራው ምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። አማካሪው ዝናብ አይተነብይም፤ ያ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ሥራ ነው። ዘር አያሻሽልም፤ ያ እንደ ሲሪንቃ ያሉ የግብርና ምርምር ማዕከላት ሥራ ነው። እርከን አያሠራም፣ የእህል ዕርዳታም አያድልም። የእርሱ ሥራ በእነዚህ ሁሉ መካከል ያለውን ክፍተት መሙላት ነው። የወቅቱ ትንበያ ሲወጣ ለደጋው ለለጋምቦ ምን ማለት እንደሆነ፣ ለቆላው ለቆቦም ምን ማለት እንደሆነ ለይቶ፣ ምን መወሰን እንዳለበት፣ ውሳኔው የማን እንደሆነና እስከ የትኛው ሳምንት ድረስ ጊዜ እንዳለው፣ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚጠይቅ፣ ካልተወሰነም ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ በሁለት ገጽ ማስታወሻ ጽፎ ለሚወስነው ሰው በእጁ ይሰጣል። ማዘዝ አይችልም። ያለው መሣሪያ እውቀቱና ቃሉ ብቻ ስለሆነ ቃሉ እንዲታመን በቦታው ረጅም ጊዜ መቆየት ይኖርበታል።

በወሎ ይህ ክፍተት ከሌላው አካባቢ ይልቅ የሚሰፋበት ምክንያት አለ። እኛ ሁለት ዝናብ ያለን ሕዝብ ነን፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት። በለጋምቦ፣ በደላንታ፣ በዋድላና በመቄት ከፍተኛ ቦታዎች ክረምቱ ውርጭና የውሃ መተኛት ስለሚያመጣ ብዙ ቤተሰብ የሚኖረው በበልግ ገብስ ነው። ወደ ሀብሩና ወደ ቆቦ ስንወርድ ደግሞ በልግ በራሱ ምርት ባይሰጥም ማሳውን ያለሰልሳል፣ ረጅም ጊዜ የሚፈልገውን ማሽላም በሚያዝያ ለመዝራት ያስችላል። ስለዚህ በልግ ሲቀር ደጋው የዘንድሮ እህሉን ያጣል፤ ቆላው ደግሞ የመጪውን ኅዳር ማሽላ ያጣና ወደ ጤፍ ወይም ወደ ማሾ ለመዞር ይገደዳል። አንድ ወር ያልዘነበ ሰማይ ለሁለቱ ሁለት የተለያየ ችግር ስለሚሆን፣ ለሁለቱ አንድ ዓይነት ምክር የሚጽፍ ሰው አንዱን መጉዳቱ አይቀርም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በግንቦት ወር፣ በሀብሩ ወረዳ በአንድ የቅሬ (የዕድር) ስብሰባ ላይ ተገኝቼ የክረምቱን ትንበያ አስረዳሁ። ዝናቡ ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ የሰፋ መሆኑን ተናገርሁ። የደጋሊት ማሽላ ዘር በቅል ይዘው የመጡ አንድ አባት ቅላቸውን በጉልበታቸው ላይ አኑረው በጸጥታ ሲሰሙኝ ቆዩና፣ «የኔ ልጅ፣ መደበኛ የምትለው የቱን ዓመት ነው? አምናን ነው ወይስ ካቻምናን?» ብለው ጠየቁኝ። ከዚህ የጠለቀ ጥያቄ በየትኛውም የሥልጠና አዳራሽ ገጥሞኝ አያውቅም። በሚቲዎሮሎጂ ቋንቋ መደበኛ ማለት የ30 ዓመት አማካይ ነው። የእርሳቸው ቀበሌ ግን እንኳን የሠላሳ ዓመት የዐምስት ዓመት ልኬት እንኳ የለውም፤ ያነበብሁላቸው ትንበያ ራቅ ካለ ጣቢያ በተወሰደ አማካይ ላይ የተመሠረተ ነበር። «አባቴ፣ ለእርስዎ ማሳ የሚሆን መደበኛ የጻፈው ሰው የለም» ብዬ እውነቱን ነገርኋቸው።

በእርግጥ ልኬቱ ተጀምሮ ነበር። በዚያው ቀበሌ ትምህርት ቤት ግቢ በ2005 ዓ.ም. በአንድ ፕሮጀክት አማካይነት የዝናብ መለኪያ በእንጨት ምሰሶ ላይ ተተክሎ፣ አንድ መምህር ሁልጊዜ ጠዋት በ3 ሰዓት እየሄደ ውሃውን ለክቶ ሰማያዊ ሽፋን ባለው የመስመር ደብተር ይጽፍ ነበር። የሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ገጽ አሁንም በዓይኔ ላይ ነው፤ ከላይ እስከ ታች በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ 0.0፣ 0.0፣ 0.0 እያለ ይወርዳል። መምህሩ አንድም ቀን አልዘለለም፤ ምንም ባልዘነበበት ቀን ምንም እንዳልዘነበ ለመጻፍ ወደ ምሰሶው ሄዷል። በዚያ ዓመት በልጉ ከቀረ በኋላ ክረምቱም በኤል ኒኞ ምክንያት ደከመ፤ በ2008 ዓ.ም. በሀገር አቀፍ ደረጃ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ እንደሚያስፈልገው የተገለጸው ከዚህ ተነሥቶ ነው። በ2009 ዓ.ም. ፕሮጀክቱ ሲዘጋ መለኪያው የንብረት መለያ ቁጥር ስለነበረው ከምሰሶው ተነቅሎ ከወንበሮቹና ከኮምፒውተሩ ጋር ተቆጥሮ መጋዘን ገባ። ምዝገባው ቢቀጥል ኖሮ ዛሬ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልኬት ይኖረን ነበር። ማንም ሰው ክፉ አላሰበም፤ የንብረት አወራረዱም በደንቡ መሠረት ነበር። ጉድለቱ ያንን ምሰሶ የእኔ ነው የሚል ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ አለመኖሩ ነው።

ሙያው በቦታ ላይ መቆየትን እንደሚጠይቅ የተማርሁት ከራሴ ስሕተትም ነው። ከዐሥር ዓመት በፊት በቆላው ቀበሌዎች ድርቅን የሚቋቋሙና ቶሎ የሚደርሱ የማሽላ ዝርያዎች በስፋት እንዲሰራጩ አጥብቄ መከርሁ። እንደ ጎቢዬና አብሽር ያሉት ዝርያዎች አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም ስለሚቋቋሙ በወረቀት ላይ ምክሩ እንከን አልነበረውም። ገበሬው ግን ዘሩን ተቀብሎ ከማሳው ዳር በትንሹ ዘርቶ ቀሪውን ማሳ የሀገሩ ረጅም ማሽላ ለሆነው ለደጋሊት አቆየው። ለምን እንደሆነ የገባኝ በሁለተኛው ዓመት ነው። አጭሩ ማሽላ አገዳው ለከብት መኖ፣ ለማገዶና ለቤት ክዳን የሚበቃ አይደለም፤ በሀገሩ ሁሉ ሌላው ማሽላ ገና አረንጓዴ ሳለ እርሱ ብቻውን ስለሚደርስ ደግሞ የወፍ መንጋ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው። ምክሩን አስተካክዬ፣ አጫጭር ዝርያዎቹ የበልጉ ዝናብ ከተቋረጠ በኋላ እንዲዘሩና ጎረቤታሞች ተስማምተው በአንድ ኩታ ገጠም ማሳ ላይ እንዲያደርጉት የሚል ማስታወሻ ጻፍሁ። ያን ጊዜ ግን የኮንትራት ዘመኔ አብቅቶ ነበር፤ የተተካው ወጣት ባለሙያም የእኔን የመጀመሪያ ምክር ከፋይሉ አውጥቶ እንደ አዲስ አቀረበው። እርሱን አልወቅስም፤ ሁለተኛውን ማስታወሻ የሚያስረክበው ሰው አልነበረም።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስተውለው ጉዳይ የዝናቡና የበጀቱ የቀን መቁጠሪያ አለመገናኘት ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። የበልግ ትንበያ የሚወጣው በጥር መጨረሻ አካባቢ ሲሆን በዚያን ጊዜ የወረዳው ገንዘብ ለየሴክተሩ ከተደለደለ ሰባት ወር ያለፈው ነው። በልጉ መቅረቱ በሚያዝያ ሲረጋገጥ ደግሞ የቀረው ገንዘብ እንዳይመለስ በጥድፊያ የሚወጣበት ወቅት ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ቢደርስም በእርሱ ላይ ተመሥርቶ ዘር የሚገዛበት፣ መኖ የሚከማችበት ወይም ምንጭ የሚጎለብትበት ገንዘብ አይገኝም። መፍትሔው የሚገኘው በግንቦት ወር በጀት በሚዘጋጅበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ከመጠባበቂያው ገንዘብ የተወሰነው ትንበያው አስቀድሞ በተወሰነ ደረጃ ከደከመ ያለ ተጨማሪ ስብሰባ ወደ ሥራ የሚገባ ሆኖ ቢያዝ የወረዳው ሰው በሚያዝያ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ይህን ሐሳብ በዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚያነሣው ማነው? ዛሬ ባለው አሠራር የአየር ንብረት ጉዳይ የሚያዘው በ«ፎካል» ነው። ፎካል የተባለው ባለሙያ ሌላ ሙሉ የሥራ መደብ ያለው፣ ይህን በተጨማሪነት የተሰጠው፣ ሪፖርት ሲጠየቅ ብቻ የሚፈለግ ሰው ነው። ስለ ትጋቱ እመሰክራለሁ፤ በግንቦቱ ጠረጴዛ ላይ ግን ወንበር የለውም።

ወሎ ይህን ሙያ ከማንም በላይ የሚጠይቀው የከፈለው ዋጋ ስላለ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ከቆቦና ከወልድያ እስከ ደሴ ባለው አውራ ጎዳና ዳር ሕዝብ ሲረግፍ ችግሩን የሚያውቅ ሰው አልጠፋም ነበር፤ የጠፋው የሚያውቀውን ይዞ ከሚወስነው ፊት የሚቆም፣ ድምፁም የሚሰማ ሰው ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የተቋቋመው ከዚያ ዕልቂት በኋላ ነው። የ1976 ዓ.ም. በልግ ሲቀር የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። አባቴ በመጀመሪያ ወይፈኑን፣ ቀጥሎ ሁለቱን በሬዎች በየሳምንቱ በሚወርድ ዋጋ ሲሸጥ አይቻለሁ፤ በ1977 ዓ.ም. የሆነውን ለወሎ ሰው መንገር አያስፈልግም። ያ ድርቅ ያመጣው የሠፈራ ፕሮግራም ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ አፈለሰ። ውሳኔው በጥድፊያ የተወሰነ ነበር፤ በዚያ ጥድፊያ የተነጣጠለ ቤተሰብ ዛሬም አለ።

በእነዚያው ዓመታት ሕዝቡ በምግብ ለሥራ ተራራውን እርከን አለበሰው፣ ችግኝም ተከለ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግን ከእነዚያ የማኅበረሰብ ደኖች ብዙዎቹ በአጭር ጊዜ ተቆረጡ። ሥራ የጀመርሁት በዚያን ጊዜ ስለነበር ጉቶዎቹን በእግሬ ዞሬ አይቻለሁ። አንድ ሽማግሌ ዛፉን ለምን እንደቆረጡ ስጠይቃቸው ደኑ የመንግሥት እንጂ የእኛ ነው ያለን የለም አሉኝ። ዛሬም በአረንጓዴ ዐሻራ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ ችግኝ ሲተከል፣ በሴፍቲኔትም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ እርከን ሲሠራ፣ የተከለለው ተራራ ሣር የማን እንደሚሆን፣ ከብት የት እንደሚውል፣ በምንጭ አጠገብ ባሕር ዛፍ መትከል ለምን እንደማይገባ በጽሑፍ የሚያስወስን፣ ውሳኔውንም ከዓመት ዓመት የሚከታተል ሰው ካልኖረ ታሪኩ እንዳይደገም እሰጋለሁ።

የገንዘብ ጉዳይም አለ። «በጀት የለም» የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ ስለማውቅ አስቀድሜ ልናገር። ኢትዮጵያ ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂዋን እ.ኤ.አ. በ2011፣ ዐሥራ ስምንት የመላመድ አማራጮችን የያዘውን ብሔራዊ የመላመድ ዕቅዷን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 አውጥታለች። የገንዘብ ሚኒስቴርም ዓለም አቀፍ ከሆኑት ከአረንጓዴ የአየር ንብረት ፈንድና ከመላመድ ፈንድ በቀጥታ ገንዘብ ለመጠየቅ ዕውቅና አግኝቷል። እነዚህ ፈንዶች ገንዘብ ከመፍቀዳቸው በፊት የሚጠይቁት ዋነኛ ነገር የተጠየቀው ሥራ ከተለመደው ልማት በምን እንደሚለይ፣ በዚያ ቦታ ዝናቡና ሙቀቱ በእርግጥ እንዴት እንደተለወጠ በማስረጃ ማሳየት ነው። ያን ማስረጃ የሚይዘው ወረዳው ነው። የዝናብ መለኪያውን መጋዘን የከተተ ወረዳ ምን ያቀርባል? አንድ ቋሚ አማካሪ በዓመት የሚወስደው ደመወዝ አንድ በደንብ የተደገፈ የፕሮጀክት ሐሳብ ከሚያመጣው ጋር ሲነጻጸር ከባድ አይደለም።

እንግዲህ መደቡ እንዴት ይሁን ለሚለው፣ በልምዴ ያየሁትን ልጻፍ። የወረዳው አማካሪ መቀመጫው በፕላንና በፋይናንስ ሥራ አጠገብ ቢሆን እመርጣለሁ፤ በአንድ ሴክተር ሥር ሲሆን ምክሩ የዚያ ሴክተር ድምፅ ብቻ ይሆናልና። በጀትና ዓመታዊ ዕቅድ በሚዘጋጅበት ስብሰባ ላይ ሊገኝ ይገባዋል። በጽሑፍ ለሚሰጠው ምክር በጽሑፍ መልስ ያግኝ፤ ምክሩ ተቀባይነት ባያገኝ እንኳ ለምን እንዳልተቀበሉት ተጽፎ ፋይል ላይ ቢቀመጥ ቀጣዩ ሰው ይማርበታል። የማይወደድ ነገር በመጻፉ፣ ለምሳሌ የአንድ ቀበሌ የምርት ግምት ከፍ ተደርጎ መቅረቡን በማሳየቱ፣ በግምገማ የሚነሣ ወይም የሚዛወር ከሆነ ግን መደቡን ባንከፍተው ይሻላል። ይህን ጥበቃ በደንብ ላይ በግልጽ እንዲጻፍ አጥብቄ እለምናለሁ፤ ከጠየቅሁት ሁሉ ከባዱ ይህ እንደሆነም አውቃለሁ።

የሙያ ዕድገቱ ከታች ይጀምር። ከወሎና ከወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች በግብርና፣ በጂኦግራፊ፣ በምጣኔ ሀብት ወይም በአካባቢ ሳይንስ የተመረቀ ወጣት የመጀመሪያ ሁለት ዓመቱን በቀበሌ ቢያሳልፍ፣ አንድ ዙር በልግ በደጋ፣ አንድ ዙር ክረምት በቆላ ከገበሬው ጋር ቢውል፣ ዝናብ መለካትንና የገበያ ዋጋ መመዝገብን በእጁ ቢለማመድ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ወረዳ ማስታወሻ ወደ መጻፍ ቢሸጋገር፣ ወደ ዞንና ወደ ክልል ሲያድግም ቦታውን ለተተኪው አንድ ሙሉ ዓመት አብሮ ሠርቶ ቢያስረክብ መልካም ነው። በከሚሴና በባቲ አካባቢ የሚመደበው አፋን ኦሮሞ ሊናገር ይገባል። ዝናብ ሲጠፋ የወሎ ሰው ሙስሊሙ ለዱዓ ክርስቲያኑ ለምሕላ እንደሚወጣ፣ በዚያም ሜዳ ላይ ስለ ዘርና ስለ ከብት የሚነገረው ቃል ከማናቸውም ሥልጠና ይልቅ እንደሚደመጥ የሚያውቅና በዚያ ጉባኤ በአክብሮት የሚቀመጥ መሆን አለበት። ዛሬ እንዲህ ያለ ወጣት እናገኛለን፤ ሦስት ዓመት በኮንትራት ይሠራና ልምዱ መብሰል ሲጀምር መደብ ስለሌለው አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ወይም ወደ ሌላ ሥራ ይገባል። በእኔ ዘመን አብረውኝ ከሠሩት ጎበዞች አብዛኞቹ በዚህ መንገድ ሄደዋል።

እ.ኤ.አ. በ2027 ኢትዮጵያ 32ኛውን የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ በአዲስ አበባ እንድታስተናግድ ተመርጣለች። በዚያ ጉባኤ ላይ ስለ መላመድ ብዙ ይነገራል። ከጉባኤው በፊት በወሎ በጥቂት ወረዳዎች፣ ለምሳሌ ከደጋው በለጋምቦና በመቄት፣ ከቆላው በሀብሩና በቃሉ፣ ይህ መደብ ተከፍቶ ቢታይ የምናሳየው በሥራ የተፈተነ ነገር ይኖረናል።

የትምህርት ቤቱን የዝናብ ደብተር ነገር ልጨርስ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወሎ ሲደርስ በብዙ ከተሞች የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች ተዘርፈው ፋይሎቻቸው ጠፍተዋል፤ በወረዳው የነበረው ቅጂም አብሮ ጠፋ። ዋናውን ግን መምህሩ ከልጆቹ ልብስ ጋር በሻንጣ አድርጎ ይዞት ሸሽቶ ነበር፤ ሲመለስ አምጥቶ ለእኔ ሰጠኝ። የአራት ዓመቱ ልኬት፣ ያ የ2007 ዓ.ም. ሚያዝያ ገጽም ጭምር፣ አሁን በእጄ ይገኛል። ከዚህ ሌላ ከልዩ ልዩ ቀበሌዎች የሰበሰብኋቸው ዐሥራ አንድ ደብተሮችና በሠላሳ ዓመት ውስጥ የጻፍኋቸው ማስታወሻዎች፣ የተሳሳቱትም የታረሙትም፣ በቤቴ አሉ። የመጪው በልግ ትንበያ ከመውጣቱ በፊት እነዚህን የሚረከበኝ አንድ ሠራተኛ በስም እንዲመደብልኝና መጋዘን ያለው መለኪያ ወደ ምሰሶው እንዲመለስ እጠይቃለሁ። ርክክቡን በቀበሌው ድረስ ወርጄ፣ መምህሩም በተገኘበት ለመፈጸም ዝግጁ ነኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

አየር ንብረት ለውጥን በመላመድ ጉዳይ የፖሊሲ አማካሪ
ደሴ፣ ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም.